ጓንት የለበሰ እጅም ይታጠባል

በቱሉ ዲምቱ በኩል፣ ከተማው አልቆ የአዳማው ፈጣን መንገድ በሚጀምርበት ዳርቻ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ በረዳትነት እሠራለሁ። ሥራዬ አልጋ ማንጠፍ፣ መነሳት ያቃተውን ማንሳትና ማገላበጥ፣ ቤድፓን (አልጋ ላይ ላለ ሰው የሚቀርብ መጸዳጃ ዕቃ) ማቅረብና መድፋት፣ ናሙና ላቦራቶሪ ማድረስ፣ የፈሰሰውን መወልወል ነው። አዲስ ረዳቶች ሲቀጠሩ ከሲስተሮቹ ቀጥሎ የሚጠይቁት እኔን ነው። አብዛኞቹ ስለ ኢንፌክሽን መከላከል ይዘው የሚመጡት «ጓንት ማድረግ» የሚለውን ብቻ ነው። እሱን ካደረጉ ሌላው ሁሉ ያለቀ ይመስላቸዋል። ጓንቱ ሥራውን አይጨርስልንም። ከእሱ በፊትም ሆነ በኋላ እጃችን ምን ማድረግ እንዳለበት ለእነሱም፣ በየጤና ጣቢያውና በየክሊኒኩ ይህንኑ ሥራ ለሚሠሩ ሁሉ ላካፍል ብዬ ነው የምጽፈው።

ሐኪሙ ታካሚውን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሲስተሯ በመድኃኒት ሰዓት ትመጣለች። ቀኑን ሙሉ ሰውነቱን፣ አንሶላውን፣ የአልጋውን ብረት፣ የውኃ ኩባያውን የምንነካው እኛ ነን፤ ከአንዱ አልጋ ተነስተን ወደ ሌላው የምንሄደውም እኛው። ስለዚህ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው የሚሻገር ጀርም ካለ የእኛ እጅ ዋና መሻገሪያው ሊሆን ይችላል። ይህን የምለው ማንንም ልወቅስ አይደለም። ከሁሉ አብልጠን ስለምንነካ፣ ከሁሉ አብልጠን ልናስቀረው የምንችለውም እኛ ስለሆንን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እጅ የሚጸዳባቸውን ጊዜያት አምስት ብሎ ለይቷቸዋል። በግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ለሁላችንም የታወቀ ነው፤ ሥራ ላይ ስንሆን ግን መቼ የትኛው እንደሆነ ይምታታል። እንዲህ አስቡት። በር ዳር አልጋ ላይ አንዲት እማማ ተኝተዋል። ከመንካቴ በፊት እጄን በአልኮል አሻለሁ፤ አንደኛው ይህ ነው። ደግፌ አነሳቸዋለሁ፣ ትራሳቸውን አስተካክላለሁ። ሲስተሯ «የሽንት ከረጢቱን አፍስሽልኝ» ካለችኝ የከረጢቱን መክፈቻ ከመንካቴ በፊት እጄን ደግሜ አጸዳና ጓንት አደርጋለሁ። ቱቦው እስከ ፊኛቸው ድረስ የገባ ስለሆነ እጄ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ አለው። ሁለተኛው ይህ ነው። ሽንቱን ደፍቼ ጓንቱን ሳወልቅ እታጠባለሁ፤ ከሰውነት ፈሳሽ በኋላ ማለት ነው፤ ሦስተኛው ይህ ነው። ከእማማ ጋር ያለኝን ሥራ ጨርሼ ስሄድ ደግሞ አራተኛው። አምስተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፦ ታካሚዋን ፈጽሞ ሳልነካ ኮመዲኖውን ብቻ ብወለውል ወይም የግሉኮስ መስቀያውን ብቻ ባንቀሳቅስ፣ ያኔም ወደ ቀጣዩ አልጋ ከመሄዴ በፊት እጄን አጸዳለሁ። በታካሚው ዙሪያ ያለው ዕቃ ሁሉ የእሱን ጀርም ተሸክሟል።

አዲሶቹ «ይህን ሁሉ ጊዜ መታጠብ እንዴት ይቻላል?» ይሉኛል። በውኃ ብቻ ቢሆን በእርግጥም አይቻልም ነበር። በእጁ ላይ የሚታይ ቆሻሻ እስከሌለ ድረስ አልኮሉ ይበቃል፤ የሚፈጀውም ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው። በውኃና በሳሙና ሲሆን ከመጀመሪያው እስከ ማድረቁ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። ትንሿን የአልኮል ጠርሙስ በጋውኔ ኪስ ይዤ ስለምዞር ወደ ቧንቧው የምመላለሰው ሲያስፈልግ ብቻ ነው። ሲያስፈልግ የምለው እጄ ላይ ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ ወይም ማንኛውም የሚታይ ነገር ሲኖር፣ ከሽንት ቤት ስወጣ፣ ወይም ተቅማጥ የያዘውን ታካሚ ስረዳ ነው። አንዳንድ ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞች ለአልኮል አይበገሩም፤ ሳሙናና የሚወርድ ውኃ ነው ከእጅ ላይ የሚያነሳቸው። በ2008 ዓ.ም ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) አዲስ አበባ በገባ ጊዜ የሳሙናና የውኃን ነገር ከተማው ሁሉ ሲነጋገርበት ነበር። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ልማዱ መቅረት አልነበረበትም።

የእጅ መታጠብ ታሪክ ራሱ ልብ የሚነካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢግናዝ ዜሜልቫይስ፣ ሐኪሞችና ተማሪዎች በሚያዋልዱበት ክፍል ያሉ እናቶች አዋላጆች ብቻ ከሚሠሩበት ክፍል ይልቅ በብዛት እንደሚሞቱ አስተዋለ። ሐኪሞቹ አስከሬን ከሚመረምሩበት ክፍል በቀጥታ ወደ ምጥ ክፍል ይመጡ ነበር። በክሎሪን ውኃ እጃቸውን እንዲታጠቡ አደረገ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከመቶ 18 ገደማ የነበረው ሞት በሁለት ወር ውስጥ ወደ ሁለት ገደማ ወረደ። በዚያን ጊዜ በሽታ የሚያመጣው ጀርም እንደሆነ ገና አልተረጋገጠም ነበር፤ ብዙ ባልደረቦቹም አልተቀበሉትም። እኔ ማዋለጃ ክፍል ስገባ ብዙ ጊዜ እነዚያን እናቶች አስባለሁ።

ዛሬ የዓለም የእጅ ንጽሕና ቀን በየዓመቱ ሜይ 5 ይከበራል፤ ዘመቻው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ላይ፣ የአርበኞች የድል ቀን በሚከበርበት ዕለት ይውላል። እኛ አገር በዓል ስለሆነ በየተቋሙ ማክበሪያው ቀን ቢቀያየር አይገርምም።

አሁን ወደ አካባቢያችን እውነት እንምጣ። ከከተማው ዳር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቧንቧው ደረቀ ማለት ግን እጅ ሳይታጠብ ይዋል ማለት አይደለም። ከታች ቧንቧ የተገጠመለት ክዳን ያለው ባልዲ በየክፍሉ እናስቀምጣለን፤ ከሥሩ ደግሞ ዕጣቢው የሚጠራቀምበት ሌላ ባልዲ። ዋናው ነገር ውኃው እየወረደ መታጠቡ ነው። በአንድ ሳፋ ውስጥ ተራ በተራ እጅ መንከር የአንዱን ቆሻሻ ለሌላው ማደል ነው። ባልዲው ራሱ በየጊዜው በሳሙና ይፈተጋል እንጂ በቀረው ላይ እየተጨመረ አይኖርም። ፈሳሽ ሳሙናም እንዲሁ ነው፤ ጠርሙሱ ሳይታጠብና ሳይደርቅ ላዩ ላይ እየሞሉ መሄድ በውስጡ ጀርም እንዲራባ ያደርጋል። ደረቅ ሳሙና ከሆነ በትንንሹ ተቆርጦ ውኃው በሚያንጠፈጥፍ ማስቀመጫ ላይ ይሁን። ከበሩ ኋላ የሚንጠለጠለውን የጋራ ፎጣ አንሱት። የሚጣል ወረቀት ከሌለ ቁርጥራጭ ንጹሕ ጨርቅ አዘጋጅቶ አንድ ጊዜ ተጠቅሞ ወደ ሚታጠበው መወርወር ይቻላል፤ እሱም ከሌለ እጅን በአየር ማድረቅ በጋውን ላይ ከመጥረግ ይሻላል።

ስትታጠቡ ሰው ሁሉ መዳፉን አሽቶ ይተወዋል። የሚቀሩት አውራ ጣት፣ የጣት ጫፎች፣ በጣቶች መሃል ያለው ቦታና የእጅ ጀርባ ናቸው። ታካሚን ደግሞ በብዛት የምንነካው በጣት ጫፍ ነው። ረጅም ጥፍር ይቆረጥ፤ የጥፍር ቀለም፣ የተለጠፈ ጥፍር፣ ቀለበትና አምባር ከሥራ በፊት ይውለቁ፤ የጋብቻ ቀለበትም ቢሆን ከሥሩ ቆሻሻ ይይዛል። ይህን ስናገር ቅር የሚላቸው አሉ። እኔ ቀለበቱን በክር አንገት ላይ አስሮ በልብስ ሥር ማድረግን እመክራለሁ፤ ብዙዎቹ ተስማምተውበታል።

አንድ ነገር ደግሞ ባህላችን ያገዘን አለ። እጃችን እርጥብ ወይም ያደፈ ሲሆን ክንዳችንን ዘርግተን ሰላም እንላለን፤ ማንም አይቀየምም። እጄን ካጸዳሁ በኋላ አስታማሚ ሊጨብጠኝ ሲመጣ ክንዴን እሰጠዋለሁ። ማብራሪያ እንኳ አይጠይቀኝም።

ጓንቱ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። ጓንት የሚጠብቀው በዋናነት የለበሰውን ሰው ነው። ታካሚውን የሚጠብቀው ለእሱ ብቻ ተብሎ ተለብሶ፣ ለእሱ ብቻ ካገለገለ በኋላ ከወለቀ ነው። በጓንት አንድ ታካሚ አጥቦ፣ በዚያው ጓንት የበሩን እጀታ ከፍቶ፣ በዚያው ስልክ አንስቶ፣ በዚያው የካርድ ክፍል ወረቀት ተቀብሎ የሚመጣ ሰው እጁ ንጹሕ እንደሆነ ይሰማዋል፤ ቆዳው ምንም አልነካማ። ባዶ እጅ ቢሆን ኖሮ እርጥበቱን ስለሚሰማው ይታጠብ ነበር። ጓንቱ ያንን ስሜት ይወስድበታል።

ለአዲሶች የማሳያቸው ሙከራ አለ፤ ማንኛውም ተቋም ውስጥ ያለ ወጪ ሊሠራ ይችላል። ጓንት ያደረገው ሰው መዳፍ ላይ በዘይት የተለወሰ በርበሬ ጥቂት እቀባለሁ። «እንደ ወትሮው አልጋ አንጥፊ፣ ስልክሽን ተመልከቺ፣ በር ክፈቺ» እላታለሁ። ከዚያ ክፍሉን አብረን እንዞራለን። ቀዩን ምልክት ትራሱ ላይ፣ መብራት ማብሪያው ላይ፣ አንዳንዴም ጉንጯ ላይ እናገኘዋለን። መጨረሻ ላይ ጓንቱን ስታወልቅ አንጓዋ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ስለ ጓንት ብዙ መናገር አያስፈልገኝም።

አወላለቁ እንዲህ ነው። የአንዱን ጓንት ውጪኛ ክፍል አንጓ አጠገብ ቆንጥጣችሁ ወደ ውጪ እየገለበጣችሁ ታወጡታላችሁ፤ የወለቀውን ጓንት በለበሰው እጅ ጨብጡት። ከዚያ ባዶውን ጣታችሁን በቀረው ጓንት ውስጠኛ በኩል አስገብታችሁ እሱንም ገልብጡት፤ ሁለቱ አንዱ በአንዱ ውስጥ ይጠቀለላሉ። ወዲያው እጅ ይጸዳል። ጓንት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፤ ሲወልቅም እጅን መንካቱ አይቀርም። የምርመራ ጓንት ታጥቦ ወይም በአልኮል ታሽቶ ለሌላ ታካሚ አይውልም፤ እያጠቡ መጠቀም ላስቲኩን ያሳሳዋል። እጥረት ሲኖር መፍትሔው ጓንት በማያስፈልግበት ቦታ አለመጠቀም ነው። የደም ግፊት ለመለካት ማገዝ፣ ዊልቸር መግፋት፣ ምግብ ማቅረብ፣ ቆዳው ያልቆሰለን ሰው ደግፎ ማንሳት ጓንት አይፈልግም፤ ንጹሕ እጅ ይበቃል። ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ ትውከት፣ ቁስል ወይም የአፍ ውስጥ የሚነካ ከሆነ ግን ያስፈልጋል።

ይህ ለታካሚው ክብርም ነው። እጃቸውን ስይዝ ጓንት ሳደርግ አንድ አባት ፊታቸውን ያዞሩብኝ ጊዜ አለ፤ «ተጸየፈችኝ» ብለው ነው። ጓንት በሚያስፈልግ ጊዜ ደግሞ ምክንያቱን አስቀድሜ እናገራለሁ፦ «አባቴ፣ ቁስልዎን ስለምነካ ነው፤ ለእርስዎም ለእኔም ይሻላል»። ያኔ ማንም አይከፋም።

ወደ ጽዳቱ። በረኪና ሁላችንም ቤት አለ፤ በልምድ «ጠብ አድርጌበታለሁ» እያልን እንጠቀምበታለን። በጤና ተቋም ግን ልኬት ይፈልጋል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ከመቶ ስንት ክሎሪን እንደሆነ አንብቡ። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ከመቶ በምትፈልጉት ከመቶ አካፍሉ፣ ከውጤቱ አንድ ቀንሱ፤ ለአንድ እጅ በረኪና የሚጨመረው ውኃ ስንት እጅ እንደሆነ ይነግራችኋል። 5 በመቶ የሆነውን ወደ 0.5 በመቶ ለማውረድ 5 ለ0.5 ሲካፈል 10 ነው፤ አንድ ሲቀነስ 9። አንድ ኩባያ በረኪና ለዘጠኝ ኩባያ ውኃ። ይህ ደም ለፈሰሰበት ቦታ ነው። ለአልጋ ብረት፣ ለኮመዲኖና ለሌላ ገጽ 0.1 በመቶ ሲያስፈልግ በዚሁ ቀመር አንድ ለ49 ይሆናል። ኩባያው አንድ ዓይነት ይሁን፤ በአንዱ ብርጭቆ በረኪና፣ በሌላው ጣሳ ውኃ ከለካችሁ ቀመሩ ይበላሻል።

የተበጠበጠው ለዕለቱ ብቻ ነው። ብርሃንና ሙቀት ያደክመዋል፤ ስለዚህ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ተበጥብጦ፣ የተዘጋጀበት ሰዓት ተጽፎበት፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጣል። ብረት ዕቃ ውስጥ አይደረግም፤ ብረቱን ይበላዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክሎሪን ቆሻሻ ላይ ይሞታል። ደም፣ ጭቃና ቅባት ኃይሉን ይጨርሱታል። ስለዚህ አስቀድሞ በሳሙናና በውኃ ማጽዳት፣ ቀጥሎ በረኪናውን መቀባትና ሳይጠረግ ቢያንስ 10 ደቂቃ ማቆየት ነው። ይህን ጊዜ መጠበቅ ለብዙዎቻችን ይከብደናል፤ ወረፋው ውጪ ተሰልፎ እያየን ቸኩለን እንጠርገዋለን። ሲጠረግ ግን የመግደያ ጊዜውን ነፈግነው ማለት ነው።

ደም መሬት ላይ ሲፈስ፣ በተለይ ማዋለጃ ክፍል፣ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ወፍራሙን የጽዳት ጓንት፣ የላስቲክ ሽርጥና ቦት ጫማ ማድረግ፤ የሚረጭ ከሆነ መነጽርና ጭንብልም። በሚመጥ ጨርቅ ወይም ወረቀት ደሙን መሸፈንና ወደ ቢጫው የተበከለ ቆሻሻ መያዣ ማንሳት። ቦታውን በሳሙና ውኃ ማጠብ። ከዚያ 0.5 በመቶውን ማፍሰስና 10 ደቂቃ መጠበቅ። በመጨረሻ በንጹሕ ውኃ መወልወል። ብዙ ሽንት ላይ በቀጥታ በረኪና አታፍስሱ፤ በሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። ከአሲድ ጋር፣ አሲድነት ካለው የሽንት ቤት ማጽጃም ጋር፣ በፍጹም አይቀላቀልም። ሰው ላይም አይረጭም። መጋቢት 2012 ዓ.ም ኮሮና አገራችን ከገባ ወዲህ ሰውን በክሎሪን የመርጨት ነገር በየቦታው ታይቶ ነበር፤ ዓይንና ሳንባን ከመጉዳት ያለፈ ጥቅም የለውም።

የወለል ጽዳት ከንጹሕ ወደ ቆሻሻ፣ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ሽንት ቤት የሚጸዳበት መወልወያ ለክፍል አይውልም፤ የእጀታውን ጫፍ በቀለም መለየት ብቻ ይበቃል። ደረቅ መጥረጊያ በታካሚ ክፍል ውስጥ አልፈቅድም፤ አቧራውን ከነጀርሙ አስነስቶ ቁስል ላይ ያሳርፈዋል። በበጋ የዚህ አካባቢ አቧራ ምን ያህል እንደሆነ የሚኖርበት ያውቀዋል። እርጥብ መወልወያ ብቻ። መወልወያው ከሥራ በኋላ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰቀላል፤ በቆሻሻ ውኃ ውስጥ አድሮ ጠዋት የሚወጣ መወልወያ ጀርም ከማሰራጨት ሌላ ጥቅም የለውም።

የአየር ነገር ከታካሚዎችና ከአስታማሚዎች ጋር በብዛት የሚያከራክረኝ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በሳል ወጥቶ ለሰዓታት አየር ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። የሚያስወጣው ነፋስ ነው፤ ትይዩ የሆኑ መስኮትና በር መከፈት አለባቸው። እኛ አገር ግን ነፋስ ይፈራል። «ብርድ ይመታዋል»፣ «ምች ይይዘዋል» ተብሎ በክረምት ብቻ ሳይሆን በበጋም መስኮቱ ይዘጋል፤ ቀዳዳው ሁሉ በጨርቅ ይወተፋል። ከሰው እምነት ጋር መጣላት አይጠቅምም። አልጋውን ነፋሱ በቀጥታ ከሚያልፍበት መስመር ትንሽ ገለል አደርጋለሁ፣ ጋቢውን እስከ አንገት አለብሳለሁ፣ «እትዬ፣ እሳቸው አይበርዳቸውም፣ ሳሉ ግን ይውጣ» እላለሁ። ከዚያ መስኮቱን እከፍታለሁ። የሚያስለው ታካሚ ተራውን ከሌሎች ተለይቶ፣ አየር ባለበት በረንዳ እንዲጠብቅና ጭንብል እንዲያደርግ ይደረጋል። ለእኛ ግን ተራው ጭንብል ከነቀርሳ አይከላከልም፤ ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚቀመጠው ኤን 95 ነው የሚያስፈልገው።

አስታማሚዎች የእኛ አገር ሕክምና ግማሽ አካል ናቸው። አጥሚት ይዞ የሚመጣው፣ ሌሊት እግር ሥር የሚያድረው፣ የሚያጥበውና የሚያጎርሰው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ እኛ የምናውቀውን እነሱ ካላወቁት ልፋታችን ይባክናል። አስታማሚ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው የእጅ መታጠቢያውንና ቤድፓን የሚደፋበትን ቦታ ነው። አልጋው ላይ ከመቀመጥ ወንበር፣ በአንድ ነጠላ አብሮ ከመሸፋፈን ለየብቻ፣ የሌላውን ታካሚ ከማገላበጥ በፊት መታጠብ። በተለይ የመጨረሻው ይከብዳል። ጎን ያለው አልጋ አስታማሚ የሌለው ሰው ከሆነ ሕዝባችን ዝም ብሎ አያይም፤ የራሱን ሰው ጨርሶ ወደ እሱ ይሄዳል። ይህን ደግነት መከልከል አይገባም፤ ከሁለቱ አልጋዎች መሃል አልኮሉን ማስቀመጥና «እናቴ፣ ወደዚያ ሲሄዱ ይህን እጅዎን ያሹበት» ማለት ነው። ጸበል በሚረጭበት ጊዜም ቁስሉና ካኑላው (በደም ሥር የሚገባው ቀጭን ቱቦ) የገባበት ቦታ እንዳይርስ አስቀድሞ መሸፈን ይቻላል። በትሕትና ከተነገረ እምቢ የሚል ብዙም አላጋጠመኝም።

ከበላያችን ላለ ባለሙያ መናገር ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ሐኪም እጁን ሳያጸዳ ወደ ታካሚ ሲሄድ ያየ ረዳት ምን ይበል? በሰው ፊት «አልታጠቡም» ማለት እኛ ባደግንበት ሥነ ሥርዓት ይከብዳል። እኔ የማደርገው የአልኮል ጠርሙሱን ከፍቼ ማቅረብ ነው፤ «ዶክተር፣ ይኸው»። እጁን ይዘረጋል፤ ብዙ ጊዜም ያመሰግናል። የሚደጋገም ከሆነ ለኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊው በግል እናገራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጤና ሚኒስቴር ካሽ በሚል ስም የጀመረው የንጹሕና ደኅንነቱ የተጠበቀ የጤና ተቋም ንቅናቄ ጽዳቱ ለጽዳት ሠራተኛ ብቻ የተተወ ጉዳይ እንዳይሆን ፈልጎ ነው። ስለዚህ ስንናገር ከሥራችን አልወጣንም።

መርፌ መውጋት የረዳት ሥራ አይደለም፤ በመርፌ መወጋት ግን ይደርስብናል። አንሶላ ውስጥ የተረሳ መርፌ፣ በቢጫው ከረጢት የተጣለ ካኑላ፣ ሞልቶ የተረፈ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን) አለ። አንሶላን ሁለት እጅ አስገብታችሁ አትሰብስቡ፤ ከጠርዙ ይዛችሁ ወደ ውስጥ እየጠቀለላችሁ፣ ከሰውነታችሁ አርቃችሁ አንሱት፤ አታራግፉትም። ቆሻሻ ከረጢት በእጅ አይጠቀጠቅም። ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛ ሲሆን ይዘጋል። ያገለገለ መርፌ ክዳኑ ተመልሶ አይገጠምም፤ የጣለው ሌላ ሰው ቢሆንም የምንወጋው እኛ ነን፤ ስለዚህ ስታዩ ተናገሩ።

ከተወጋችሁ ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በውኃ እጠቡ። አትጭመቁት፣ በበረኪናም አትንከሩት፤ ሥጋውን ይጎዳዋል። ዓይን ውስጥ ከረጨ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው። ከዚያ ያለ ሐፍረት ለኃላፊ መናገር። ለኤች አይ ቪ መከላከያ የሚሰጠው መድኃኒት በቶሎ፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ከኤች አይ ቪ ካለበት ሰው መርፌ የመያዝ ዕድሉ ከ1000 ውስጥ 3 ገደማ ነው። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ግን ላልተከተበ ሰው ከመቶ ከ6 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል፤ ቫይረሱ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለ7 ቀን ይቆያል። እኛ ደግሞ የደረቀ ደም የምንፍቅ ሰዎች ነን። ክትባቱ አለ፦ ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው ስድስተኛ ወር ላይ። ስትቀጠሩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህ ይሁን። «ለነርሶች ነው» ከተባላችሁም በድጋሚ ጠይቁ። ሦስተኛውን መርፌ ሰው ይረሳዋል፤ ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ።

ጋውናችሁን ለብሳችሁ ታክሲ አትግቡ። ተቋሙ ውስጥ ማጠቢያ ካለ እዚያው ይታጠብ። ከሌለ በተለየ ፌስታል አስራችሁ ውሰዱ፤ ከልጆች ልብስ ጋር ሳይቀላቀል፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ጫማውም እዚያው ሥራ ቦታ ይቅር። ቤት ስትደርሱ ሕፃን እየሮጠ ወደ እናንተ ቢመጣም፣ እጅ ታጥባችሁና ልብስ ቀይራችሁ ነው የምታቅፉት።